ሞላ የሌለው ኮርቻ

ልብስ ሰፊዋ ከገበያ ተመልሳ ኩሽና ስትገባ፣ ዱቄት የምትመዝንበት ሚዛን ላይ የብስክሌት ኮርቻ ጉብ ብሎ አገኘችው። ባሏ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ልጁን ጤና ጣቢያ ወስዶ እንደሚያስመዝን አባት ትንፋሹን ውጦ የሚዛኑን ቀስት ያያል።

«እንዳትነኪው!» አላት ገና ከበሩ። «ሊረጋ ነው።»

«ምኑን ነው የማልነካው? የገዛ ሚዛኔን?»

«ጉድ እኮ ነው አንቺ! ይሄ ኮርቻ ብቻውን ከፊት ጎማው ይከብዳል። ይህን ሁሉ ዘመን የወፍጮ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው ስዞር የኖርኩት።»

ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠችና ሚዛኑን አየችው። ነጩ ሳህን ጥቁር ግራሶ ጠጥቷል። ከዚህ ሰውዬ ጋር ስትኖር የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ንዴትን ገና በጠዋቱ ሙጥጥ አድርጎ መጨረስ እንደማያዋጣ ነው፤ ለከሰዓቱም ትንሽ ማስቀረት ያስፈልጋል።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሲገባ ነው። ባሏ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ በየሰፈሩ፣ በየግቢው እየዞረ ቆጣሪ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ከውሻ ጋር ይጣላል። ለወጣት ባልደረቦቹ ሞተር ሲታደል እሱ «ሞተር ሰላምታ ያስረሳል» ብሎ በብስክሌቱ ጸና። ብስክሌቱ ትዳራቸውን በዕድሜ ይበልጠዋል፤ አንዳንዴ ሲናደድባት «አንቺ ሳትኖሪም እሱ ነበረ» ይላታል።

የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው አሳንሰር የለውም። ብስክሌቱን ግቢ ማሳደር ደግሞ አይታሰብም። አንዴ አንድ ተከራይ በወፍራም ሰንሰለት ከብረት አጥሩ ጋር አስሮ ያሳደረውን ብስክሌት ሌቦች ወስደው፣ ሰንሰለቱን እንደታሰረ ከነቁልፉ ትተውለት ሄደዋል። ስለዚህ ባሏ ጠዋት ብስክሌቱን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ይወርዳል፣ ማታ አንጠልጥሎ ይወጣል። ለዓመታት እያፏጨ ነበር የሚወጣው። ፉጨቱን ከሁለተኛው ፎቅ ስትሰማ ነበር እሷ ራት የምታሞቀው።

ክረምቱ ሲገባ ግን ፉጨቱ ቀረና በፋንታው መፍቻ መጣ።

መጀመሪያ ደወሉን ፈታው። «ደወል ምን ያደርግልኛል? አፍ አለኝ አይደል?» አለ። ቀጥሎ የኋላውን ዕቃ መጫኛ አወለቀ። ቦርሳው መጫኛው ላይ መሄዱ ቀርቶ ትከሻው ላይ ሆነ፤ ማንጠልጠያውን የሰፋችው ግን እሷ ናት። ከዚያ ፓራፋንጎዎቹ ሄዱ። ያውም በክረምት! ከጎማው የሚፈናጠረው ጭቃ ከተረከዙ እስከ ማጅራቱ መስመር እያሰመረበት መግባት ጀመረ፤ ሱሪውን የምታጥበው እሷ ናት። በመጨረሻም የጎን ማቆሚያውን አውልቆ ጣለ፤ ብስክሌቱም እንደ ሰካራም ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ የሚደገፍ ሆነ፤ ቁም ሳጥን ላይ፣ ማቀዝቀዣ ላይ፣ የስፌት መኪናዋ ላይ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ነበር የማውቀው» ብላ ለልጇ በስልክ አማረረች፤ «እዚህ ቤት ግን ቀስ በቀስ የሚሄደው የብስክሌት ዕቃ ነው።» ከብስክሌቱ የሚቀነሰው ክብደት ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚጫነው እሷ ላይ ነበር።

«ግን ለምን?» ብላ ያልጠየቀችበት ቀን የለም።

«የቀለለ ነገር ጥሩ ነው» ይላታል።

«ከብስክሌቱ ይልቅ ራትህን ብትቀንስ አይሻልም?»

«የኔን ክብደት የሚሸከመው ጎማው ነው። የብስክሌቱን ክብደት የምሸከመው ግን እኔ ነኝ» አለ አንድ ቀን። እሷም የተለመደ ፍልስፍናው መስሏት አለፈችው።

ኮርቻው ሚዛን ላይ በወጣበት ሳምንት እሷ ራሷ ፋታ አልነበራትም። አንድ ሆቴል የመኝታ ክፍሎቹን መጋረጃ በሙሉ እንድትሰፋ ሰጥቷት፣ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ሶፋው ነጭ፣ ጠረጴዛው ነጭ፣ ራት የሚበላው ኩሽና ውስጥ ቆሞ ነው። የሆቴሉ የዕቃ ኃላፊ ጣቷን በየስፌቱ ላይ እየጎተተች እንከን የምትፈልግ ሴት ስትሆን፣ ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ልትረከብ ቀጠሮ ይዛለች። ልብስ ሰፊዋም «ግራሶ የነካው እጅም ጎማም በዚህ እንዳያልፍ» ብላ በሳሎኑ መሃል የስፌት ክር ወጥራ ድንበር አበጀች። ባሏ ክሩን አይቶ «ኬላ ነው?» አለ። ግን አከበረው፤ ለኮርቻው ሲል ከሥራ የጥቂት ቀን ፈቃድ ወስዶ ስለነበር፣ ኮርቻውንና መፍቻዎቹን ይዞ ወደ በረንዳ ተሰደደ።

ኮርቻው ሰፊ የድሮ ኮርቻ ነው። ወፍራም ቆዳ ከፊት አፍንጫው እስከ ኋላ በብረት አጽም ላይ ተወጥሮ፣ ጫፍና ጫፉ በትላልቅ የመዳብ ምስማር ተመትቷል። ከሥሩ ብርጭቆ የሚያህሉ ሁለት ሞላዎች አሉት፤ ጉድጓድ ሲያገኙ እንደ አሮጌ አልጋ ሲጢጥ ይላሉ። ቆዳው ከዘመን ብዛት የባሏን መቀመጫ ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል፤ ሌላ ሰው ቢቀመጥበት የሰው ጫማ እንዳደረገ ሰው ይጨንቀዋል።

ባሏ መጀመሪያ ሞላዎቹን ከነብረት አጽማቸው ነቀለ። በምትካቸው ከቁርጥራጭ ብረት ሻጭ ያመጣውን ቀጭን የአልሙኒየም ዘንግ ጉልበቱ ላይ አጥፎ ገጠመ።

«ይሄ ይችልሃል?» አለችው በረንዳው በር ላይ ቆማ።

«አውሮፕላን ከምን የሚሠራ መሰለሽ?»

«አውሮፕላን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ያውቃል?»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ቡለኑን ማጥበቁን ቀጠለ።

በማግስቱ ከሰዓት የመጋረጃ ጠርዝ እየዘመዘመች ሳለ ከበረንዳው ቅርጭ፣ ቅርጭ የሚል ድምፅ ሰማች። እጇ መኪናው ላይ ቀረ። ያንን ድምፅ ከልጇ ድምፅ ቀጥሎ የምትለየው ነው። የጨርቅ መቀሷ ነው፤ የሚቆርጠው ግን ጨርቅ አይደለም።

ስትወጣ ባሏ ኮርቻውን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ፣ ግራና ቀኝ ወደ ታች የሚወርዱትን የቆዳ ክንፎች እንደ በግ ይሸልታል።

«ይሄ መቀስ...» አለች። «ይሄ መቀስ ወረቀት እንኳን ቆርጦ አያውቅም! የገዛ ልጄ ለትምህርት ቤት ካርቶን ልቁረጥበት ብላኝ የከለከልኳት መቀስ ነው!»

«ቆዳም እኮ የልብስ ዘር ነው» አለ፣ ቀና ሳይል።

ከእጁ ቀማችው። ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳበስ አደረገችው፤ ተሸራርፏል። ሊወጣ የመጣውን ሁሉ በጥርሷ ነክሳ፣ የቤት ጫማዋን እንኳን ሳትቀይር ደረጃውን ወረደች።

ከሕንፃው ሥር፣ መንገዱን በሚያየው በኩል፣ የአናጢው ሱቅ አለ። አናጢው ጎልማሳ ነው፤ ትንሹ ልጁ ገና መዳህ እየጀመረ ነው። የሚሽከረከር መሞረጃ ስላለው የሕንፃው ቢላና መቀስ ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚሳለው። ከባሏም ጋር ወዳጆች ነበሩ፤ እሁድ እሁድ ደጃፉ ላይ በርጩማ አውጥተው ዳማ እየተጫወቱ ሲሰዳደቡ ድምፃቸው አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማ ነበር። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ባሏ «ደክሞኛል» እያለ መውረዱን ትቷል።

አናጢው መቀሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው። «እትዬ፣ በዚህ ምን ቆረጥሽበት? ቆርቆሮ?»

«ኮርቻ። የቆረጥኩት ግን እኔ አይደለሁም» አለችው። ከዚያ ወዲያ አፏ አላረፈም። ደወሉን፣ ጭቃውን፣ ሚዛኑን፣ አውሮፕላኑን፣ ሁሉንም ዘረገፈችለት። «ሰውዬው ብስክሌቱን ፈታትቶ ፈታትቶ አንድ ቀን መሪውን ብቻ ይዞ በሩጫ ሥራ ይሄዳል» አለች። የሚስቅላት መስሏት ነበር።

አናጢው አልሳቀም። የመሞረጃውን ማብሪያ ሊጫን የዘረጋውን እጁን መለሰው።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን አይቀርም።»

«አንተ ደግሞ ምን አድርገህ?»

«ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ቀን፣ ሁለተኛ ፎቅ የተበላሸ በር ልጠግን ስወጣ፣ ጋሼን ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ብስክሌቱን ጭኑ ላይ አጋድሞታል። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ደነገጥኩ።» አንገቱን አከከ። «እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሼ ነበር የምለው፣ አንተ ነበር የምለው። አብረን ስንጫወት፣ ስንሰዳደብ ታውቂ የለ? የዚያን ዕለት ግን ከድንጋጤዬ የተነሣ አመለጠኝ። ‹አባባ፣ ይምጡ ልሸከምልዎት› አልኩት።»

«አባባ?»

«አባባ። በአንቱታ።»

ልብስ ሰፊዋ ሌላ ነገር የሚጨምር መስሏት ጠበቀች። አልጨመረም።

«ቀና ብሎ አየኝ» አለ አናጢው። «እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ከሰው አይቼ አላውቅም። ‹እኔና አንተ ምን ያህል ብንበላለጥ ነው?› ብሎኝ ብስክሌቱን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሲያልፍ እጁን ብቻ ነው የሚያወጣልኝ። እንዴት ልመልሰው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

መቀሱን ለመሳል ጊዜ እንደሚፈልግ፣ ቸኩሎ ከሳለው እንደሚያበላሸው፣ እስከ ቅዳሜ እንደሚያደርስላት ነገራት። እሺ ብላ ወጣች፤ የሰማችው ስለ መቀሱ አይመስልም።

ደረጃውን ስትወጣ ሁለት ነገር አንድ ላይ ተናነቃት። አንደኛው ንዴት ነው። ለአንዲት ቃል ብሎ! ለአንዲት «አባባ» ብሎ ቤቷን ጭቃ በጭቃ አደረገ፣ ሚዛኗን ግራሶ ቀባ፣ መቀሷን ገደለ! ሁለተኛው ደግሞ «ፊቱ አመድ መስሏል» የሚለው ነው። እሷ ከላይ ሆና ራት ስታሞቅ፣ እሱ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ይለቅም ነበር። ከዚያ ላቡን ጠርጎ «ዝናቡ አይጣል ነው» እያለ ይገባል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ተቀምጦበት የነበረውን ደረጃ አየችው፤ ደረጃ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል። ተበሳጭታ መውጣቷን ቀጠለች።

ለሱ ምንም አልተናገረችም። ስልኳን አንሥታ ልጇ ጋ ደወለች።

ልጃቸው ነርስ ናት፤ አግብታ የራሷ ቤት ነው የምትኖረው። በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ «እንዲሁ ናፍቃችሁኝ ነው» ብላ መጣች። አባቷ አላመናትም፤ ግን ክንዱን ሰጣት። ለካችው፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ጉልበቱን እያጠፈች እየዘረጋች አየች። በነጋታውም እያጉረመረመ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ወስዳ ሐኪም አሳየችው።

«ልብህ ደህና ነው፣ ደምህም ደህና ነው» አለችው ቤት ሲመለሱ፣ እናቷም እየሰማች። «ጉልበትህ ነው ያለቀው። ብቻህን ሸክም ይዘህ ደረጃ እንዳትወጣ ተብለሃል።»

«ሸክም ነው ያሉት።»

«አዎ፣ ሸክም።»

«ከቀለለ ሸክም አይባልማ» አለና ወደ በረንዳው ሄደ።

እናትና ልጅ ተያዩ። «እማዬ፣ እንዴት ነው አብረሽው የኖርሽው?» አለች ልጅቱ።

«አንቺን እያሳደግሁ ነበራ። ልብ የምልበት ጊዜ መች ነበረኝ!»

አርብ ጠዋት አዲሱን ኮርቻ ገጥሞ ጨረሰ። ከመውጣቱ በፊት ብስክሌቱን ወደ ክሩ አስጠግቶ፣ ድንበሩን ሳይነካ፣ እንድታየው ጠራት። ክንፎቹ ተሸልተዋል፣ መሃሉ በወስፌ ተበሳስቶ ወንፊት ሆኗል፣ ሞላዎቹ የሉም። እውነቱን ለመናገር ቀሏል።

«ላባ!» አለ።

«ላባው ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ግን እንዳትረሳ» አለችው፣ በአሮጌ መቀስ ከጨርቅ ጋር እየታገለች።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን መጋረጃ ተኩሳ ስታጥፍ የበሩ ቁልፍ ዞረ። ገና የሚመለስበት ሰዓት አልነበረም። ባሏ ደፉ ላይ ቆመ። ከወገቡ በታች ጭቃ ነው፣ ያውም ጥቁር የቱቦ ጭቃ። ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ማንሣት አቅቶት ደረጃ በደረጃ እየጎተተ ነው ያወጣው። አልሙኒየሙ እንደ ሞቀ ሰም ተጣሞ፣ ኮርቻው ወደ ኋላ ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም» አለና ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ አለ።

ብስክሌቱ ማቆሚያ የለውም። ትንሽ እንደ ማሰብ አለ። ከዚያ መሪው ተጠመዘዘና፣ ፊቱን ወደ ሳሎኑ አዙሮ፣ የተወጠረውን ክር በጥሶ ከነጭቃው ከነሰንሰለቱ ነጩ መጋረጃ ላይ ተዘረረ።

የኋላው ጎማ ብቻ ቲክ ቲክ እያለ ይሽከረከራል።

ልብስ ሰፊዋ የምትጮህ መስሏት ነበር። የወጣው ግን ዝቅ ያለ ድምፅ ነው።

«አባባ ስላለህ ነው። አይደል?»

ባሏ አንድ ጫማ በእጁ እንደያዘ ቀረ። «ማን ነገረሽ?»

«ራሱ ነዋ! ደረጃ ላይ ተቀምጠህ እንዳገኘህ፣ ልሸከምልዎት እንዳለህ፣ ሁሉን ነግሮኛል። ለዚያች ቃል ብለህ ነው ቤቴን ጋራዥ ያደረግኸው? ለዚያች ቃል ብለህ ነው ጭቃህን ሳጥብ የከረምኩት?»

«እሱ ብቻ መሰለሽ?» ድምፁ ከፍ አለ። «መሥሪያ ቤት ስገባ ወንበር ይለቁልኛል! በቀደም አንዷ ቆጣሪዋን ሳነብላት ‹ዓይንዎ ያይልዎታል?› አለችኝ። ዛሬ ደግሞ ይሄ የተረገመ አልሙኒየም ታጥፎ ቱቦ ውስጥ ዘፍ ስል፣ አንዱ ጎረምሳ ሮጦ መጣና በብብቴ ገብቶ አነሣኝ። ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?»

«አባባ።»

«‹አባባ፣ ልጆች የሉዎትም ወይ?› አለኝ! ልጆች የሉዎትም! ‹በዚህ ዕድሜዎ ማን ለቀቀዎት› ማለቱ እኮ ነው!»

«እኔንስ?» አለችው።

«አንቺን ምን?»

«እኔን ከመቼ ጀምሮ እማማ እንደሚሉኝ ታውቃለህ? ዳቦ ቤት እማማ። ክር መሸጫው ጋ እማማ። አውቶቡስ ላይ ‹እማማ ይቀመጡ›። ያውም አንዳንዱ ራሰ በራ ነው! እኔ ታዲያ ምኔን ላውልቅ? ፓራፋንጎ የለኝ፣ ደወል የለኝ!»

ባሏ ይህን ጨርሶ አስቦበት እንደማያውቅ ከፊቱ ያስታውቃል። «አንቺንማ...» አለ፣ «አንቺንማ ማን ደፍሮ...»

«ሁሉም ነው የሚደፍረኝ! አንተ ከብስክሌትህ ቀና ስለማትል ነው የማትሰማው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ደርሶልሃል። እንኳን ደስ ያለህ! አሁን ይህን ቅራቅንቦህን ከመጋረጃዬ ላይ አንሣልኝ!»

አነሣው። ከዚያም ማንም ሳያዘው የተበላሸውን መጋረጃ ታቅፎ መታጠቢያ ቤት ገባ። ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ሆና ነገረችው፤ መጀመሪያ የዕቃ ሳሙና ቀባው፣ ቀጥሎ ሙቅ ውሃ አፍስስበት፣ ደግሞ እንዳታሸው፣ ደባብሰው ብቻ። አሸው። «አትሸው አልኩ እኮ!» «እየደባበስኩ ነው!» «ይሄ ነው መደባበስ? ድስት የምታጥብ መሰለህ?» እስኪመሽ ድረስ ከመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ሲንቦጫረቅ፣ እሱም ከራሱ ጋር ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር። ወገቡን ይዞ ሲወጣ ግን መጋረጃው ንጹሕ ነበር። ያጠበውን ራሱ በረንዳ ላይ አሰጣው፤ ኮርቻ ይፈታበት የነበረውን ቦታ መጀመሪያ ወለውሎ።

ቅዳሜ ጠዋት የሆቴሉ የዕቃ ኃላፊ መጥታ ጣቷን በየስፌቱ ላይ ጎተተች። አንዱ መጋረጃ ላይ ስትደርስ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ደረቷ ውስጥ የስፌት መኪና የተነሣ መሰላት።

«ይቺ ግን ከሌሎቹ ነጣች» አለች ሴትዮዋ። «ሌሎቹንም እንደዚች ማድረግ አይቻልም ነበር?»

ከኩሽና በኩል ባሏን ድንገት ሳል ያዘው።

ሴትዮዋ ተረክባ እንደሄደች አናጢው የተሳለውን መቀስ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። በሩን የከፈተው ባሏ ነው። ሁለቱ ወንዶች ደፉ ላይ ተፋጠጡ።

«ደህና አደሩ» አለ አናጢው፣ ቶሎ ብሎም «አደርክ» አለ፣ «ጋሼ።» ምላሱ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ወዲህም ወዲያም ሄደ።

ባሏ ከላይ እስከ ታች አየው። ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ ጀርባ ሆና፣ አሁን ይህ ሰውዬ ሌላ ጉድ ቢያመጣ እኔ ልጄ ቤት ነው የማድረው ብላ ለራሷ ወሰነች።

«ግባ» አለ ባሏ በመጨረሻ። «እግርህን አይተህ ርገጥ፣ መርፌ አይጠፋም። ና እስቲ ይህን እይልኝ።» ኮርቻውን አመጣለት።

ይቅርታ የሚባል ነገር ከማናቸውም አልወጣም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ኮርቻውን ገለባብጠው አዩት። ባሏ አልሙኒየሙን ጥሎ፣ በማለዳ ወጥቶ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ ከተጣለ ኮርቻ የወጣ ቀለል ያለ የብረት አጽም፣ ሞላ የሌለው፣ ለምኖ አምጥቷል። አናጢው ቆዳውን በእጁ ጫን አደረገው።

«ብረቱስ ይሁን። ግን ጋሼ፣ ክንፎቹን እንዲህ ከሸለትካቸው ስትቀመጥበት ቆዳው ግራና ቀኝ ይከፈትብሃል። መሃሉም ተበሳስቷል። ሳምንት አይቆይም።»

«ታዲያ ይጣል?»

ልብስ ሰፊዋ አላስቻላትም። «ምን ያስጥለዋል? ሁለቱን ጠርዝ ከሥር ማያያዝ ነው» አለች። «ቀሚስ ከጀርባ በክር ጠበቅ እንደሚደረገው።» እንዳለችውም ወዲያው ተጸጸተች፤ ሁለቱም ዞረው እያዩዋት ነበርና።

ሳምንቱን ሙሉ መጋረጃ ስትሰፋ ሰንብታ፣ ዕረፍቴ ነው ባለችው ቀን ወስፌና ሰም የተቀባ ክር ይዛ ኮርቻ ላይ ተደፋች። የተሸለቱትን ክንፎች ጠርዝ በጠርዝ በሳች፤ ክሩን ከሥር እያመሳቀለች ሁለቱን ወደ መሃል ሳበቻቸው። ቆዳው ጣቷን ወጋት። ባሏ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያዛል።

«ጠበቅ አድርጊው። ኧረ በጣም አይደለም! አሁን ደግሞ ላላ...»

«አንድ ቃል ብትጨምር በዚሁ ክር አፍህን ነው የምሰፋው።»

አናጢው ወደ ጣሪያው አየ።

ሲያልቅ ኮርቻው ጥብቅ ብሎ እንደ ከበሮ ድም አለ። ከድሮው በጣም ይቀላል፤ አርብ ጠዋት የታየችው ላባ ግን አይደለም። ባሏ በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ሲመዝነው ቆየ፤ አንድ ጊዜ ሚዛኑ ወዳለበት ኩሽና ዞር አለና፣ እንደምታየው ሲያውቅ ተወው። አናጢው ሊወጣ ሲል ብስክሌቱ ከሱቁ ቢያድር ደስ እንደሚለው ተናገረ። ባሏ ከልቡ አሰበበት፤ ነገር ግን ሱቁ የሚከፈተው እሱ ሥራ ከወጣ ቆይቶ ስለሆነ አልሆነም።

ሰኞ ማታ ልብስ ሰፊዋ ክር ገዝታ ስትመለስ ባሏን ደረጃው ሥር አገኘችው። ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ሊያነሣ ጎንበስ ብሏል።

«እንዴት ዋለ ኮርቻው?»

«ቆዳው ንቅንቅ አላለም። ሞላ ግን የለውማ! የከተማውን ጉድጓድ ሁሉ በየስሙ አወቅኩት» አለና ብስክሌቱን ያዘ።

እሷ የኋላውን ጎማ ያዘች።

«ተይው፣ ቀላል ነው።»

«ብቻህን ነው የተባለው። አብሮህ ሰው ካለ ሐኪሙም አልከለከለ።»

«ሰው ቢያየንስ?»

«አባባና እማማ ብስክሌት ይዘው ወጡ ይበላ! ምን ይላል ሌላ? ያዝ!»

ያዘ። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሆነው መውጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሪው ከደረጃው ብረት ጋር ተያያዘ፤ እሱ ወደ ግራ አለ፣ እሷ ወደ ቀኝ፤ ፔዳሉ ቁርጭምጭሚቷን መታት። «ወደ ግራ አዙረው አልኩህ!» «የትኛውን ግራ ነው የምትዪው?» «ስንት ግራ አለ?» አንድ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አያቸውና ቶሎ ዘጋ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ የሱ ትንፋሽ እንደ ወናፍ ይሰማታል። «ቁም» አለችው፣ «ደከመኝ።» እውነትም ደክሟት ነበር። ብስክሌቱን አቁመው ግራና ቀኝ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ባሏ ትንፋሹ እስኪመለስለት መሬት መሬት ያያል። የሚያስበው ነገር ያለ ይመስላል። ልብስ ሰፊዋ፣ ምናልባት ዛሬ እንኳን አንድ ደግ ነገር ይናገር ይሆናል ብላ ጠበቀች።

«ጫማሽ» አለ።

«ጫማዬ ምን ሆነ?»

«ሶሉ ወፍራም ነው። ለዚህ እኮ ነው ቶሎ የሚደክምሽ። ከሥሩ ትንሽ ላጥ ላጥ ቢደረግ...»

ልብስ ሰፊዋ ተነሣችና የኋላውን ጎማ ያዘች።

«ውጣ» አለችው። «ጥዬብህ ሳልወርድ ውጣ።»

ባሏም መሪውን ይዞ ወጣ፤ መታጠፊያው ላይ ግን አሁንም በየት በኩል እንደሚዞር አልተስማሙም።